ሰው የሚያነሳው ስልክ

ጡረታ በወጣሁ በሁለተኛው ወር በእኔ ቦታ የተተካችው ባለሙያ ደወለችልኝ። አንድ የቀለም ነጋዴ ለሦስት ሱቆቹ የኢንተርኔት ስልክ ሊያስገባ ነው። ከዋጋ ማቅረቢያው ላይ ከተደረደሩት አገልግሎቶች የትኛውን እንደምትመርጥለት ግራ ገብቷታል።

«እትዬ እመቤት፣ አንቺ ብትሆኚ የቱን ትመርጪለት ነበር?» አለችኝ።

ባጭሩ ልመልስላት ሞከርኩና አቃተኝ። እሱን ለመመለስ የቡራዩን ክሊኒክ ነገር መናገር ነበረብኝ። ያንን ደግሞ ከአንድ ሰው በቀር ለማንም ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ተናግሬ አላውቅም። «ጽፌ እሰጥሻለሁ» አልኳት። ይኸው ጻፍኩት።

ሥራ የጀመርኩት ሰበታ፣ አንድ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ስልክ ማዞሪያ ክፍል ውስጥ ነው። ፊት ለፊቴ ረድፍ ረድፍ ቀዳዳ ያለው ሰሌዳ ነበር። ጥሪ ሲመጣ አንዲት ትንሽ መብራት ትበራለች፣ ገመዱን እሰካለሁ፣ «ጤና ይስጥልኝ፣ ማንን ላገናኝዎ?» እላለሁ። ድምፅሽ ጥሩ ነው ይሉኝ ነበር፤ እኔም አምኜበታለሁ። ስልክ የሚያነሳው ሁሉ በድምፁ ይታወቀኝ ነበር። ሒሳብ ክፍሉ ከምሳ በፊት ሲደወልለት እንደሚቆጣ፣ የፈትል ክፍሉ ፎርማን የማሽኑን ጩኸት ለማሸነፍ መጮህ ለምዶበት ጸጥ ባለ ቢሮም እንደሚጮህ፣ ሁሉን አውቃለሁ።

የፋብሪካው የስልክ ቴክኒሻን ኦቦ ለሚ ይባሉ ነበር። ሥራውን ያስተማሩኝ እሳቸው ናቸው። ቀጭን፣ ዝምተኛ፣ ሸሚዛቸውን እስከ አንገታቸው የሚቆልፉ ሰው ነበሩ። አንድ ክፍል አዲስ መስመር ሲጠይቅ ሌላው ቴክኒሻን ገመድ ይዞ ይሮጣል፤ እሳቸው ግን ወንበር ይዘው መጥተው አጠገቤ ይቀመጣሉ። ግማሽ ቀን ሙሉ ዓይናቸውን ጨፍነው ስልክ ሲጠራ ያዳምጣሉ። መጀመሪያ ሰሞን የሚተኙ መስሎኝ ነበር። ከዚያ ድንገት ዓይናቸውን ገልጠው፣ «ከግዥ ክፍል የሚደውለው ሰውዬ ሦስቴ ተሳስቶ ማከማቻ ቤት ገባ። ችግሩ የመስመር እጥረት አይደለም» ይላሉ።

አንድ የተማሪ ደብተር ነበራቸው። ገጹን መሐል ለመሐል በእርሳስ ይከፍሉና በአንድ በኩል «የሚያስፈልግ»፣ በሌላው በኩል «የሚያምር» ብለው ይጽፋሉ። አለቆች የሚጠይቁት አብዛኛው ነገር የሚያምረው ሥር ይገባል። ሥራው ሲያልቅም ወዲያው አያስረክቡም። ከግቢ ወጥተው፣ አስፋልቱን ተሻግረው፣ ከአንድ ሱቅ ስልክ ይደውላሉ። አንዴ ጆሮአቸው የማይሰማ ሽማግሌ ይሆናሉ፤ አንዴ ልጁ የታመመበት ሠራተኛ ይሆናሉ፤ አንዴ የሚፈልገውን ሰው ስም የረሳ ባላገር ይሆናሉ። እኔንም ሲልኩኝ፣ «እንደ ባለሙያ እንዳትደውዪ። እንደ ደነገጠ ሰው ደውዪ» ይሉኝ ነበር።

ፋብሪካው ሲሸጥና ማዞሪያው ሲነቀል ሁለታችንም የቢሮ ስልክ የሚዘረጋ አንድ የግል ድርጅት ገባን። ደመወዙ ይሻላል፣ ወረቀቱ ይበዛል። ባለቤቱ አቶ ዮናስ ፈጣን ሰው ነው፤ ከደንበኛ ጋር ሲነጋገር ገና ሰውየው ሳይጨርስ «ይቻላል» ይላል። የኢንተርኔት ስልክ ሲመጣ ደግሞ በእውነትም ብዙ ነገር ተቻለ። ድሮ ግድግዳ የሚሞላው ማዞሪያ አንድ ኮምፒውተር ውስጥ ገባ። የሚጠራውን በድምፅ የሚቀበል፣ ቁጥር አስጫኖ የሚመራ፣ ወረፋ የሚያስይዝ፣ ሙዚቃ የሚያሰማ፣ ንግግር የሚቀዳ፣ ጥሪን ወደ ሞባይል የሚያዛውር፤ ዝርዝሩ ማለቂያ የለውም። ደንበኛው ዝርዝሩን አይቶ ይጎመጃል። መምረጥ የእኛ ሥራ ሆነ።

ኦቦ ለሚ ጉልበታቸው እምቢ ብሏቸው ቤት ሲቀመጡ የክፍሉ ኃላፊነት ለእኔ ተሰጠ። የመጀመሪያው ትልቅ ሥራዬ የቡራዩው ክሊኒክ ነበር።

ክሊኒኩ አምቦ መንገድ ዳር ያለ ባለ ሁለት ፎቅ ነው። ባለቤቷ ዶክተር ሰናይት ትባላለች። የወለዱ እናቶች የሚተኙበት ክፍልና አንድ አምቡላንስ ነበራት። የእንግዳ መቀበያዋ ሠራተኛ አንዲት ብቻ ናት። በአንድ እጇ ካርድ ታወጣለች፣ በሌላው ስልክ ታነሳለች፣ ፊት ለፊቷ የተሰለፈው ሰው ይቆጣባታል። ዶክተሯ እውነቷን ነበር።

«እመቤት፣ ይህን ስልክ ዝም አሰኚልኝ። ማሽኑ ያንሳው» አለችኝ።

ኦቦ ለሚ ቢሆኑ ግማሽ ቀን ይቀመጡ ነበር። እኔ ግማሽ ሰዓት ተቀመጥኩ። የአዲሱ ፎቅ ምረቃ ቀርቧል፤ አቶ ዮናስም በየሰዓቱ «አለቀ ወይ?» እያለ ይደውላል። እንኳን ደህና መጡ የሚል ድምፅ፣ ስለ አዲሱ የአልትራሳውንድ መሣሪያ ማስታወቂያ፣ ከዚያ ለቀጠሮ አንድን፣ ለላቦራቶሪ ሁለትን፣ ለመድኃኒት ቤት ሦስትን፣ ለሒሳብ አራትን፣ ለድንገተኛ አምስትን ይጫኑ። በአማርኛ፣ ቀጥሎ በእንግሊዝኛ።

«ኦሮምኛውስ?» አለች ዶክተሯ።

«በሁለተኛው ዙር እንጨምረዋለን» አልኳት። ኦሮምኛ እናገራለሁ፤ ግን ጽሑፉን አስተካክሎ የሚያነብልኝ ሰው ለመፈለግ ሁለት ቀን ያስፈልገኝ ነበር። ሁለቱን ቀን ሰሰትኩ።

ድምፁን ራሴ ቀዳሁት። ዕቃ ቤታቸው ውስጥ ብርድ ልብስ ሰቅዬ፣ በሩን ዘግቼ፣ ያን የተመሰገነ ድምፄን አለሳልሼ አነበብኩ። በመጨረሻ ኮምፒውተሩ አንድ ጥያቄ ጠየቀኝ፤ ደዋዩ ምንም ቁጥር ካልተጫነ ጥሪው ወዴት ይሂድ? ዝም ብሎ የሚቆይ ጥሪ መስመር ይይዛል ብዬ አሰብኩና «አመስግኖ ይዝጋ» የሚለውን መረጥኩ። ለማሰብ የፈጀብኝ ጊዜ አንድ ትንፋሽ አይሞላም።

ከግቢ ወጥቼም ደወልኩ፤ ያንን አልረሳሁም። አምስትን ተጫንኩ፣ የአምቡላንሱ ሹፌር አነሳ። ግን የደወልኩት እንደ ባለሙያ ነበር።

ከሦስት ሳምንት በኋላ አንድ ጠዋት ዶክተር ሰናይት ጠራችኝ። በስልክ ምንም አልነገረችኝም፤ «ነይ» ብቻ አለች። ስደርስ ቢሮዋ ውስጥ ቆማ ነበር። አንዲት እናት ቤቷ ወልዳ ደም ሲፈሳት፣ ባሏ ክሊኒኩ ጋ ደጋግሞ ደውሎ ስልክ የሚያነሳለት አጥቶ፣ በባጃጅ እንዳመጣት ነገረችኝ። እናትየዋ በሕይወት አለች። ደክሞ የተወለደው ሕፃን ግን መንገድ ላይ ሞተ።

«አምቡላንሱ እዚሁ ግቢ ቆሞ ነበር» አለች። «ሹፌሩ ጎማ እያጠበ ነበር። ስልኩ አልጠራም ነው የሚለው። ሲስተሙ ተበላሽቶ ነው?»

ኮምፒውተሩ ፊት ተቀመጥኩ። ገና ሳልከፍተው ሞባይሌ ጠራ፤ አቶ ዮናስ ነው። ወሬው ደርሶታል።

«ስሚኝ፣ የኔትወርክ ችግር ነው በያት» አለኝ። «ኔትወርክ ሁሌም ይቋረጣል፤ ማንም አይጠይቅሽም።»

«ገና አላየሁትም» አልኩት።

«ማየት አያስፈልግሽም።»

ዘጋሁት። የጥሪ መዝገቡ ላይ ከአንድ ሞባይል የመጡ አራት ጥሪዎች ተከታትለው ተመዝግበዋል። አራቱም መልእክቱ እስኪያልቅ ቆይተው ተዘግተዋል። ንግግር መቅጃውን ያስገባሁት እኔው ስለነበርኩ፣ የመጀመሪያውን ከፈትኩት።

ድምፄ መጣ። «እንኳን ወደ ክሊኒካችን በደህና መጡ።» ከድምፄ ላይ የአንድ ወንድ ድምፅ ይጮኻል። «ሄሎ! ኦቦሌቲ! ሄሎ!» ኦቦሌቲ፣ እህቴ ማለቱ ነው። ሚስቱ መውለዷን፣ ደሙ እንዳልቆመላት፣ ቤታቸው ከገፈርሳ ወዲያ መሆኑን በኦሮምኛ ይነግረኛል። እኔ ስለ አልትራሳውንዱ እነግረዋለሁ። በሁለተኛው ጥሪ በተሰባበረ አማርኛ ሞከረ፤ «ደም... እህቴ፣ ደም ብዙ» ይላል። እኔ «ለላቦራቶሪ ውጤት ሁለትን ይጫኑ» እላለሁ። በሦስተኛው አለቀሰ። በአራተኛው ምንም አልተናገረም፤ ትንፋሹ ብቻ ይሰማል። እኔ ተናግሬ፣ ተናግሬ፣ አመስግኜ ዘጋሁበት።

ዶክተሯ ከኋላዬ ቆማ ሁሉንም ሰምታለች።

«አልተበላሸም» አልኳት። «ኔትወርኩም አልተቋረጠም። እኔ እንዳዘዝኩት ነው የሠራው።»

ተራምዳ መስኮቱ ጋ ሄደች። ብትሰድበኝ ይቀለኝ ነበር።

ሰውየው ፎቅ ላይ፣ የሴቶቹ ክፍል በር ላይ እንደተቀመጠ ነገረችኝ። ኦቦ ቶላ ይባላል። ማንም ሂጂ አላለኝም። ደረጃውን ወጣሁ። አግዳሚው ላይ ተቀምጧል፤ ጫማው እስከ ቁርጭምጭሚቱ ጭቃ ነው፣ ጋቢው ላይ የደረቀ ደም አለ። አንገቱን ደፍቶ ነበር። አጎንብሼ በኦሮምኛ ሰላም አልኩት፤ ስለ ስልኩ ላናግረው እንደመጣሁ ነገርኩት።

ቀና ያለው በድንጋጤ ነው። ፊቴን ሳይሆን አፌን አየ።

«አንቺ ነሽ» አለኝ። «የስልኳ ሴትዮ።»

«እኔ ነኝ።»

«ነገርኩሽ እኮ። አራት ጊዜ ነገርኩሽ።»

የተቀዳ ድምፅ መሆኑን ላስረዳው ጀመርኩ። ሳልጨርስ እጁን አነሳ።

«እሱን ኋላ ነገሩኝ። ያኔ ግን ለእኔ ሰው ነበርሽ።» ቀጠለና፣ «በመጨረሻው ላይ ዝም ያልኩት ለምን እንደሆነ ታውቂያለሽ?» አለኝ። «ስለጮህኩብሽ የተቀየምሽኝ መሰለኝ። በትህትና ላዳምጣት፣ ስትጨርስ ትጠይቀኛለች ብዬ ነው።»

ይቅርታ ጠየቅኩት። ሚስቱ ከውስጥ ስትጠራው ተነስቶ ገባ፤ በሩንም ዘጋው። ከዚያ ቀን ወዲህ አላየሁትም።

ከቡራዩ በቀጥታ ሰበታ ሄድኩ፣ ኦቦ ለሚ ቤት። ያጽናኑኛል ብዬ ነበር። በረንዳ ላይ ተቀምጠው፣ ጉልበታቸውን በፎጣ ጠቅልለው፣ ሁሉን እስክጨርስ ሰሙኝ። ከዚያ አንድ ጥያቄ ብቻ ጠየቁኝ።

«ምንም ቁጥር ያልተጫነውን ወዴት ላክሽው?»

«እንዲዘጋ አደረግኩት።»

«ማን አዘዘሽ?»

«ማንም። እኔ ነኝ የመረጥኩት።»

«ግማሽ ቀን ተቀመጥሽ?»

«አልተቀመጥኩም።»

ይሰናበቱኛል፣ ሁለተኛ ወደ ቤቴ አትምጪ ይሉኛል ብዬ ጠበቅኩ። ጎንበስ ብለው ጫማቸውን መፈለግ ጀመሩ።

«ዛሬ አንቺ ዘንድ አድርና ነገ ሁለት ሰዓት ላይ ቡራዩ እንገኛለን» አሉኝ። «ማሰሪያውን እሰሪልኝ፣ ጉልበቴ አይታጠፍልኝም።»

በማግስቱ ክሊኒኩ መቀበያ አግዳሚ ላይ ተቀመጡ፤ ዓይናቸውን ጨፍነው፣ ከጠዋት እስከ መዝጊያ። እኔም አጠገባቸው። ዓይኔን ስጨፍን ያላየሁትን ሰማሁ። ከሚደውለው ሰው አብዛኛው ሰላምታውን የሚጀምረው በኦሮምኛ ነው። ብዙው የሚደውለው ከሰው በተዋሰው ስልክ ነው። ቁጥር መጫን የማያውቅ አለ፤ የሚያውቅም ሆኖ ሕፃን ታቅፎ፣ ሰው ደግፎ፣ ሞባይሉን በትከሻው ይዞ የሚደውል አለ። የተጨነቀ ሰው ደግሞ ዝርዝር አይሰማም፤ ሰው እስኪሰማ ይጮኻል።

ማስታወቂያውን አወጣን። አምስቱን ምርጫ አወጣን። ስልኩ ሦስቴ ሳይጠራ ሰው እንዲያነሳ፣ መቀበያዋ ካልቻለች የአዋላጇም የሹፌሩም ስልክ ባንድ ጊዜ እንዲጠራ አደረግን። ኢንተርኔቱ ቢቋረጥ ጥሪው ወደ ሹፌሩ ሞባይል እንዲዞር አደረግን። ቀጠሮና ውጤት ለሚጠይቁት ሌላ ቁጥር ተሰጠ፤ ማሽኑ እዚያ ያገልግል አልን። ዶክተሯ አንዲት ተጨማሪ ሠራተኛ ቀጠረች። ኦቦ ለሚ አስፋልቱን በምርኩዝ ተሻግረው ከአንድ ሱቅ ደወሉ፤ ምንም ሳይናገሩ ስልኩን ይዘው ማቃሰት ብቻ። አዲሷ ሠራተኛ አልዘጋችባቸውም። «የት ነዎት? አጠገብዎ ሰው አለ?» እያለች ጠየቀቻቸው። ያን ጊዜ ነው ደብተራቸውን የዘጉት። የመጨረሻ ሥራቸው እሱ ሆነ።

አቶ ዮናስ በጽሑፍ አስጠነቀቀኝ፤ የድርጅቱን ስም አጉድፈሻል ይላል። ወረቀቱን ፈርሜ ተቀበልኩ። ሥራዬን ግን አልለቀቅኩም። ከዚያ በፊት ለሌሎች ደንበኞችም የቀዳሁትን ድምፅ እየዞርኩ ሳጠፋ አንድ ወር ፈጀብኝ።

ከዚያ በኋላ ባሉት ዓመታት ሥራ ላይ አስቸጋሪ ሰው ሆንሽ ይሉኛል። ሱሉልታ ያለው የወተት ማቀነባበሪያ ሥራ አስኪያጅ ኢንጂነር ከድርም እንዲሁ ሳይለኝ አልቀረም። ጨዋ ሰው ነው፤ ግን ጥብቅ። ሠራተኛ በፋብሪካ ስልክ ወሬ እንዲያወራ አይፈልግም። በየክፍሉ ያለው ስልክ ሁሉ የሚስጥር ቁጥር ካልገባበት እንዳይደውል፣ ጥሪውም በጸሐፊዋ በኩል ብቻ እንዲያልፍ ጠየቀኝ።

ፋብሪካው ወተቱን የሚያቀዘቅዘው በአሞኒያ ጋዝ ነው። አሞኒያ ካመለጠ ዓይን ያቃጥላል፣ ሳንባ ያቆስላል፤ ከበዛም ይገድላል። ሁለት ቀን ግቢው ውስጥ ተቀምጬ ሳዳምጥ ከርሜ ነበርና፣ «አንዲት ሠራተኛ ዓይኗ እየተቃጠለ የሚስጥር ቁጥር ታስገባለች?» አልኩት።

«በየቀኑ ጋዝ አያመልጥም፣ ወይዘሮ እመቤት። ወሬው ግን በየቀኑ ነው።»

«እንግዲያውስ ፊርማዬን አላኖርም። ሌላ ሰው ይሥራልዎት።»

ሦስት ቀን ተከራከርን። በመጨረሻ በየክፍሉ አንድ አንድ ቀይ ስልክ እንዲኖር ተስማማን። ቁጥር የለውም፤ እጀታውን ሲያነሱት ብቻ በቀጥታ የጥበቃ ቤቱን ይጠራል። መብራት ቢጠፋም የሚያሠራው ባትሪ ተገጠመለት። ባትሪው በጊዜው እንዲቀየር ደግሜ ደጋግሜ ጻፍኩ።

ጡረታዬ ሲቃረብ ልፈትሸው ሄድኩ። ባትሪው አልተቀየረም፤ ደክሟል። ጥበቃ ቤት ገብቼ ይህንኑ ሪፖርት እየጻፍኩ ነበር። ረፋድ ነው። መጀመሪያ አፍንጫዬን የሚወጋ ሽታ መጣ፤ ወዲያው የማስጠንቀቂያው ጩኸት። ሠራተኛው ነጭ ልብሱን እንደለበሰ፣ አፉን በእጁ ይዞ ወደ በሩ ይሮጣል። ኢንጂነር ከድር እሳት እንዳይነሳ ዋናውን መብራት አጠፋ። ነፋሱ ወዲያው ከእኛ ወደ ፋብሪካው ስለዞረ ሁሉም በሩ ጋ ተሰብስቦ ተቆጠረ። አንድ ሰው ጎደለ።

የጥበቃ ቤቱ ስልክ ጠራ። እኔ ነበርኩ የቀረብኩት።

«ሄሎ?»

ሳል ብቻ። ከዚያ የሴት ድምፅ፤ «መውጣት አልቻልኩም... በሩ ጋ ሞልቷል...»

«የት ክፍል ነሽ?»

«ካርቶን ማከማቻ።»

«ስምሽን ንገሪኝ።»

«ጫልቱ።»

«ጫልቱ፣ እኔ እመቤት እባላለሁ። አልዘጋብሽም፣ እሺ? በሩን ዝጊው። ውኃ አለ?»

«ባልዲ... የወለል መወልወያ።»

«ነጠላም ሆነ ሻርፕ ያለሽን ንከሪውና አፍና አፍንጫሽን ሸፍኚ። በበሩ ሥር ያለውን ክፍተት በእርጥብ ነገር ድፈኚው። ከዚያ ወለሉ ላይ ተኚ። ጋዙ ወደ ላይ ነው የሚሄደው፤ ዝቅ በይ።»

ከድርን በመስኮት ጠርቼ ቦታውን ነገርኩት። የማቀዝቀዣው ክፍል ሁለት ሰዎች የጋዝ ጭምብል እያጠለቁ ነበር፤ ሌሎቹ የውኃ ቱቦ ይጎትታሉ፣ ጋዙን በውኃ ለመምታት። ማከማቻው ግን ከግቢው ጫፍ ነው።

የጫልቱ ድምፅ ድንገት ራቀ። ስጮህ ከሩቅ ትመልስልኛለች። ምን እንደሆነች አልገባኝም፤ ራሷን የምትስት መሰለኝ።

ዓይኔ ግድግዳው ላይ የስልኩን ባትሪ ኃይል ከምታሳየው ትንሽ መብራት ላይ አረፈ። ከአረንጓዴ ወደ ቢጫ ዞራለች። ያን ባትሪ ከአንድ ሰዓት በፊት ለክቼዋለሁ፤ ጥቂት ደቂቃ እንጂ እንደማይቆይ አውቃለሁ።

«ኢንጂነር! የጥበቃ ካሜራዎቹም ኃይል የሚያገኙት ከዚሁ ባትሪ ነው። ቢሮ ይግቡና የካሜራዎቹን ገመድ ሁሉ ይንቀሉ!»

ቆመ። «ካሜራውን ከነቀልኩ ሰዎቼ የት እንደደረሱ አላይም።»

«ካልነቀሉት እሷን አንሰማትም።»

አንድ አፍታ አየኝና ሮጠ። መብራቷ ቢጫ እንደሆነች ቆየች።

«ጫልቱ! አለሽ?»

«አለሁ...» በጣም ከሩቅ።

«ሰዎቹ እየመጡ ነው። ከየት ነው የምትመጪው? ቤትሽ የት ነው?»

«ጫንጮ... ጫንጮ መንገድ...»

«ከማን ጋር ነው የምትኖሪው?»

«ከእናቴ... ዓይኔን ነው፣ ዓይኔን...»

«አትሺው፣ በውኃ እጠቢው። ጫልቱ፣ ቁጠሪልኝ። እስከ ሃያ ቁጠሪልኝ።»

በኦሮምኛ መቁጠር ጀመረች። ቶኮ፣ ለማ፣ ሰዲ። እኔም አብሬያት ቆጠርኩ። ሰባት ላይ ሳሏ ያዛት። ስምንት አለች። ዘጠኝ ላይ መስመሩ ሞተ። መብራቷም ጠፋች።

እጀታውን ከጆሮዬ ላይ ማውረድ አልቻልኩም። በዚያው እንደቆምኩ፣ ድምፅ በሌለው ስልክ ላይ፣ ኩደን፣ ኩደ ቶኮ፣ አሥር፣ አሥራ አንድ እያልኩ ቀጠልኩ። ውጭ ሃምሳ ሰው የሚሆን ሠራተኛ ወደ ግቢው ጫፍ አፍጥጦ ቆሟል፤ የሚሰማው ውኃው ብቻ ነው። አንዲት ሴት «ወጡ!» ብላ ጮኸች። ሁለቱ ባለ ጭምብሎች ነጭ ነገር ተሸክመው በጉም ውስጥ ይመጣሉ። ሲጠጉ፣ አንድ እግሯ ሲንቀሳቀስ አየሁ። ያኔ የጥበቃ ሠራተኛው እጀታውን ከእጄ ቀስ ብሎ ወሰደው።

አምቡላንስ ይዟት ሄደ። እኔ የማስታወሻ ወረቀቴን አንስቼ የጀመርኩትን ሪፖርት ቀጠልኩ። ከድር መጥቶ አጠገቤ ተቀመጠ።

«ባትሪው የእኔ ጥፋት ነው» አለኝ። «ብለሽኝ ነበር።» ለመጀመሪያ ጊዜ አንቺ ያለኝ ያን ቀን ነው።

ከሁለት ሳምንት በኋላ ከማላውቀው ቁጥር ተደወለልኝ።

«እመቤት? ጫልቱ ነኝ። ቁጥርሽን ከኢንጂነሩ ወስጄ ነው።»

ዓይኗ እየዳነ መሆኑን፣ ጥቁር መነጽር እንደታዘዘላት፣ ሥራ ልትመለስ መሆኗን ነገረችኝ። ልታመሰግነኝ የደወለች መስሎኝ ምን እንደምላት እያሰብኩ ነበር። ጉዳይዋ ግን ሌላ ነው።

«አንድ ነገር ልንገርሽ ብዬ ነው። ስልኩን በጣም ከፍ አድርጋችሁ ነው የሰቀላችሁት። ተኚ ስትዪኝ ገመዱ አልደረሰልኝም። እጀታውን ለቅቄው ተንጠልጥሎ ቀረ። ከታች ሆኜ ነው ስጮህልሽ የነበረው። ልነሳ ስል ደግሞ ጋዙ አለ።»

የምቀመጥበት ጠፋኝ። በዚያ ሥራ ያን ሁሉ ዓመት ኖሬ፣ አሞኒያ ወደ ላይ እንደሚሄድ እያወቅኩ፣ ሰው ዝቅ ማለት እንዳለበት እየተናገርኩ፣ ስልኩን በቆመ ሰው ቁመት ልክ ሰቅዬዋለሁ።

ከጡረታዬ በፊት የቀረኝ አንድ ሳምንት ነበር። አቶ ዮናስን አላስፈቀድኩም። መሰርሰሪያና መፍቻ ይዤ ሱሉልታ ወጣሁ። አዲሶቹ ባትሪዎች ገብተዋል፤ ከድር ራሱ በሩን ከፈተልኝ። ጫልቱ ጥቁር መነጽሯን አድርጋ ካርቶን ማከማቻው ውስጥ ትጠብቀኛለች። ከድምፄ በቀር የምታውቀኝ ነገር የለም፤ እኔም ፊቷን በቅጡ ያየሁት ያኔ ነው። ቀጭን ናት፣ ከልጄ ብዙ አታንስም።

ስልኩን ከግድግዳው ፈታሁት። «የት ላድርገው?» አልኳት።

ነጭ ካፖርቷን ሰብሰብ አድርጋ ሲሚንቶው ላይ ተኛች፤ ያን ቀን የተኛችበት ቦታ ላይ፣ ያን ቀን እንደተኛችው። ዓይኗን ጨፈነችና እጇን ወደ ግድግዳው ዘረጋች። እኔ ስልኩን ይዤ ተንበርክኬ አንድ ስንዝር አወረድኩት። አልደረሰችም። ሌላ ግማሽ ስንዝር አወረድኩት። ጣቶቿ ግድግዳውን ዳብሰው ዳብሰው እጀታውን አገኙና አነሱት። ጥበቃ ቤቱ ውስጥ ስልኩ ሲጠራ፣ ወዲያውም ሰውየው «አቤት!» ሲል ከሁለታችንም ጆሮ ደረሰ።

«እዚህ ጋ ምልክት አድርጊ» አለችኝ ጫልቱ፣ ከወለሉ ሳትነሳ።